ደም ውስጥ ለገባ ባክቴሪያ ኪኒን ይበቃል?

«በደምዎ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል» የተባለ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ኪኒን ታዝዞለት ወደ ቤቱ ሲላክ፣ ሊጠይቁት የመጡ ዘመዶች ቅር ቢላቸው አይገርምም። አገር ቤትም ሆነ አትላንታ አጠገብ ባለችው ሊልበርን፣ የብዙ ሐበሻ እምነት ከባድ ሕመም በመርፌ፣ ቀላሉ በኪኒን ይታከማል የሚል ነው። «አልጋ ፈልገው ነው ያስወጡት»፣ «ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሎ ይሆናል» የሚል ሹክሹክታም አይጠፋም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ቢሆኑ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ከዚህ እምነት ብዙም አልራቁም ነበር።

ለመርፌ የሚሰጠው ክብር ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 አን ሚለር የተባለች ሴት ፅንስ ካስወረዳት በኋላ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ደሟ ውስጥ ገብቶ፣ በኒው ሄቨን ከተማ ሆስፒታል ለሞት ተቃርባ ነበር። ገና ብርቅ የነበረው ፔኒሲሊን በመርፌ ተሰጣት፤ በማግስቱ ትኩሳቷ ወረደ። ከዚያ በኋላ እስከ 1999 ኖራለች። ያ ፔኒሲሊን ግን በጨጓራ አሲድ የሚፈርስ ስለነበር በአፍ መስጠት አያዋጣም ነበር። መርፌው ያሸነፈው ተፎካካሪ በሌለበት ውድድር ነው ማለት ይቻላል። አሲድ የማይበግራቸው መድኃኒቶች ከመጡ በኋላም ልማዱ ጸንቶ ቀረ።

ባክቴሪያውን የሚገድለው በሽታው ያለበት ቦታ የሚደርሰው የመድኃኒት መጠን ነው። ሌቮፍሎክሳሲንና ሊኔዞሊድ ሲዋጡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባሉ፤ ብዙ ሰው ባክትሪም ብሎ የሚያውቀውም ከእነሱ ብዙ አይርቅም። ሴፉሮክሲም ግን ከምግብ ጋር ሲወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ግማሹ ገደማ ነው። ስለዚህ «ኪኒን» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል። ሌቮፍሎክሳሲንን ከብረት ወይም ከጨጓራ አሲድ ማርገቢያ እንክብል ጋር አንድ ላይ የዋጠ ሰው የመድኃኒቱን ጥሩ ክፍል ሳይጠቀምበት ያስወጣዋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት በጾም ሰበብ ወደ አንድ ማሳነስም ያው ጉዳት አለው።

ኪኒን እንደሚበቃ የሚያሳየው ማስረጃ የተከማቸው በተለይ ከ2019 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ደማቸው ውስጥ የገቡ 1,478 ሕመምተኞችን አነጻጸረ። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ወደ ኪኒን የተዛወሩ፣ ግማሾቹ በደም ሥር የቀጠሉ ናቸው። በ30 ቀናት ውስጥ ከኪኒኖቹ ቡድን 13.1 በመቶ፣ ከሌላው 13.4 በመቶ ሞቱ፤ ኪኒን የወሰዱት ግን ሁለት ቀን ያህል ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። ሐኪሞችን ይበልጥ ያስደነገጠው የዴንማርኩ ሙከራ ነበር። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን የያዛቸው 400 ሰዎች፣ ማለትም ለሳምንታት ከመርፌ አይለዩም ይባሉ የነበሩት፣ ሁኔታቸው ከተረጋጋ በኋላ በዕጣ ተከፈሉ። ወደ ኪኒን የተዛወሩት ከሌሎቹ የባሰ አልገጠማቸውም።

ይህ ሁሉ ታዲያ «ብርድ ብርድ ሲልህ ከፋርማሲ ገዝተህ ዋጥ» ማለት አይደለም። ሕክምናው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በደም ሥር ይጀመራል። የደም ካልቸር የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያው ማን እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እስኪናገር ቀናት ያልፋሉ። የደም ግፊቱ የወረደ፣ የሚያስመልሰው፣ ወይም ያልፈሰሰ መግል ያለበት ሰው ለኪኒን አይታጭም። ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ልብና አጥንት ውስጥ መደበቅ ስለሚወድ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በ2024 የታተመው የአውሮፓ ሙከራ ኪኒኑ እንደሚሠራ ያሳየው አደጋቸው ዝቅተኛ በሆነ 213 ሰዎች ላይ ብቻ ነበር።

ለሊልበርን ነዋሪ ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው። ጆርጂያ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሰዎች ከሚበዙባቸው ግዛቶች አንዷ ናት። በደም ሥር ቤት ውስጥ መታከም ክንድ ላይ ገብቶ እስከ ልብ አጠገብ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ፣ የሚመላለስ ነርስና የዚህ ሁሉ ቢል ማለት ነው። ቱቦው ራሱ ደም ሊያረጋ፣ አዲስ ባክቴሪያም ሊያስገባ ይችላል። የዳላሱ ፓርክላንድ ሆስፒታል ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሕመምተኞች መድኃኒቱን ራሳቸው ለራሳቸው እንዲሰጡ አሠለጠነ፤ በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ሆስፒታል የመመለስ ዕድላቸው በባለሙያ እጅ ከሚሰጣቸው በ47 በመቶ ያነሰ ነበር። ኪኒን ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ኢትዮጵያም ከሆስፒታል ውጭ የማከሙን ነገር ከምንገምተው በላይ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከባድ ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸው ጨቅላዎች ወደ ሆስፒታል መሄድ ካልቻሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ በሚዋጥ አሞክሲሲሊንና በጄንታሚሲን መርፌ ያክሟቸዋል። መርፌው ያልቀረው ጄንታሚሲን ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ አካሄድ ፈቅዷል።

አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ሲታመም ግን ለሐኪሙ አንድ ነገር ሊነግር ይገባል፤ ጉዞውን። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች ክሌብሴላ የተባለው ባክቴሪያ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መድኃኒት በስፋት እንደሚቋቋም ደጋግመው አሳይተዋል። ተጓዥም እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ሳይታመም በአንጀቱ ይዞ ሊመለስ ይችላል። 2,001 የኔዘርላንድስ ተጓዦችን የተከታተለ ጥናት ከሦስቱ አንዱ ያህል መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ ይዞ እንደተመለሰ አግኝቷል። አብዛኞቹን በወራት ውስጥ ቢለቃቸውም፣ ከአሥሩ በአንዱ ያህል ላይ ከዓመት በኋላም ነበረ። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ የሚሠሩት ኪኒኖች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዴም ምንም የሉም።