ያለ ስልክ የቀረ ስማርት ሰዓት ምን ይጠቅማል?

ለጉዳይ ከዓሊ አዴ ወይም ከሆል ሆል ወደ ጅቡቲ ከተማ የወረደ ሰው በገበያው ሲያልፍ ያገለገሉ ስልኮችና ስማርት የሚባሉ የእጅ ሰዓቶች ተደርድረው ማየቱ አይቀርም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላቸው፣ ነገር ግን ስልኩ በመሸጡ ወይም በመሰበሩ ምክንያት ሰዓቱን በሻንጣ ያስቀመጡ ወገኖችም አሉ። «ይህ ሰዓት ያለ ስልክ ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አንዳንዱ ሰዓት እንደ ኪስ ቴፕ ዘፈን ያጫውታል፤ አንዳንዱ እንደ ቀላል ስልክ ይደውላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰዓት ከመቁጠር ብዙም አያልፍም። ልዩነቱን ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ ያስከስራል። ከዚህ የባሰው ግን «ሰዓቱ ይበቃኛል» ብሎ የዘመድ ድምፅና ቁጥር ያለበትን ስልክ መሸጥ ነው። በዚህ እትማችን ሁለቱንም ጉዳት እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል እንገልጻለን።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በካሴት ዘመን በስደት ያለ ሰው ናፍቆቱን በካሴት ቀርጾ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። ከአገር ቤትም የእናት ምርቃት፣ የልጆች ጨዋታና የሠርግ ዘፈን በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ካሴቱ በእጅ የሚያዝ ዕቃ በመሆኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ያለው በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። ወሩ ሲከብድ ስልኩ ይሸጣል፤ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊትም በውስጡ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል። አንዲት እናት ከልጃቸው የመጣውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት በዚህ መንገድ ቢያጡ፣ ሌላ ስልክ መግዛት የጠፋውን አይመልስም።

እንግዲህ አሮጌ ሰዓትን ወይም ትንሽ የሚሞሪ ካርድን በአግባቡ መጠቀም ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። ድምፅና ቁጥር በሁለት ቦታ እንዲቀመጥ ማድረጊያ ዘዴም ነው።

ሦስቱ የሰዓት ዓይነቶች

1ኛ) ሲም ካርድ የሚቀበሉ ርካሽ ሰዓቶች። ከእነዚህ መካከል በብዙ አገሮች የታወቀው «ዲ ዜድ 09» የሚባለው የቻይና ሰዓት ነው። የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት ባትሪው ይወጣል፤ በዚያው ሲም ካርድና እስከ 32 ጊጋባይት የሚደርስ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ ይገኛል። ይህ ሰዓት ራሱን የቻለ ትንሽ ስልክ ነው። ይደውላል፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፣ ከካርዱ ላይ ዘፈን ያጫውታል። ነገር ግን የሚሠራው ቱጂ በሚባለው የቀድሞ ኔትወርክ ብቻ ነው።

2ኛ) ሲም የሌላቸው፣ የራሳቸው ማስቀመጫ ያላቸው ሰዓቶች። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጋላክሲ ዋች 4 ጊጋባይት ማስቀመጫ ሲኖረው፣ ለባለቤቱ ዕቃ የሚተርፈው 1.5 ጊጋባይት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ባለ 46 ሚሊ ሜትሩ ሁዋዌ ዋች ጂቲ 2 ደግሞ፣ አምራቹ እንደሚለው፣ 500 ያህል ዘፈኖችን ይይዛል። እነዚህ ዘፈኑን በብሉቱዝ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ያስተላልፋሉ፤ ስልክ አጠገባቸው ባይኖርም ይሠራሉ። ጥሪ ለመቀበል ግን ስልክ ያስፈልጋቸዋል።

3ኛ) ማስቀመጫም ሲምም የሌላቸው። ሚ ባንድን የመሰሉ ቀጫጭን አምባር ሰዓቶች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በመስታወታቸው ላይ የዘፈን ምልክት ስለሚታይ ሻጩ «ሙዚቃ አለው» ይላል። ምልክቱ ግን በስልኩ ውስጥ ያለውን ዘፈን ማስጀመሪያና ማቆሚያ ብቻ ነው። ስልኩ ከሌለ ዘፈኑም የለም።

ዘፈንና ድምፅ እንዴት ይገባል?

በተለመደው የኤምፒ3 አቀራረጽ የአንድ ደቂቃ ዘፈን 1 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። የ5 ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት ነው ማለት ነው። ስለዚህ በ1 ጊጋባይት ውስጥ 200 ያህል ዘፈኖች ይገባሉ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 12 ያህል ዘፈኖችን ይይዝ እንደነበር ስናስታውስ፣ 1 ጊጋባይት 16 ካሴት ያህል መሆኑ ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድማ ከሙሉ የካሴት መደርደሪያ ይበልጣል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ሰዓት ሥራው ቀላል ነው። ሚሞሪ ካርዱን በኮምፒውተር ላይ አድርጎ ዘፈኖቹን መገልበጥና ካርዱን ወደ ሰዓቱ መመለስ ይበቃል። ለሁለተኛው ዓይነት ግን የሰዓቱ ፕሮግራም የተጫነበት ስልክ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያስፈልጋል። የጎረቤትን ስልክ ለአንድ ሰዓት ተውሶ ማስገባት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሰዓቱን ከሌላ ስልክ ጋር እንደ አዲስ ማገናኘት ብዙውን ጊዜ በሰዓቱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ይደመስሳል። ስለዚህ በአንዱ ስልክ ጀምራችሁ በሌላው ለመጨረስ አትሞክሩ። የአፕል ሰዓት ያላቸው ደግሞ ከአይፎን በቀር በሌላ ስልክ ማስጀመር እንደማይቻል ይወቁ።

የዘመድ የድምፅ መልእክትን በተመለከተ፣ ዋትስአፕ ድምፁን የሚያስቀምጠው ኦፐስ በሚባል አቀራረጽ ነው። ርካሾቹ ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ ይህን ማንበብ አይችሉም። በመሆኑም በመጀመሪያ ድምፁን እንዳለ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ፤ ቀጥሎ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ወደ ኤምፒ3 እንዲለውጥላችሁ ጠይቁ። ካርዱን አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ ላይ ድምፁን በጆሯችሁ ሳትሰሙ ስልኩን አታጽዱ፣ አትሽጡም። ተገልብጧል መባሉ አይበቃም፤ መሰማት አለበት።

ሰዓቱ እንደ ስልክ ሲያገለግል

የመጀመሪያውን ዓይነት ሰዓት በስልክነት ለመጠቀም ያሰቡ ወገኖች የሚከተሉትን ያስተውሉ።

ሀ) ዋትስአፕ፣ ኢሞና ቴሌግራም እንደነዚህ ባሉት ሰዓቶች ላይ ይሠራሉ ብላችሁ አትተማመኑ። ዘመዶቻችሁ የሚደውሉት በእነዚህ ከሆነ ሰዓቱ አይጠራም። ስለዚህ ስማርት ስልካችሁን ከማስቀረታችሁ በፊት በመደበኛ ጥሪ እንዲደውሉላችሁ ንገሯቸው።

ለ) የኢትዮጵያ ቁጥሮችን በ09 ጀምራችሁ አትመዝግቡ። ከጅቡቲ ሲደወል አይገባም። ዜሮውን ትታችሁ በፊቱ +251 ጨምሩ፤ 09 ብሎ የሚጀምረው +2519 ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። የመደመር ምልክቱ ካልተገኘ 00251 ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከኢትዮጵያ ወደ እናንተ የሚደውል ሰው ደግሞ በጅቡቲ ቁጥራችሁ ፊት +253 ያስገባል።

ሐ) ድምፁ የሚወጣው ከሰዓቱ ድምፅ ማጉያ በመሆኑ አጠገባችሁ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። ስለ ጉዳያችሁ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ወይም ስለ ቤተሰብ ምሥጢር የምትነጋገሩ ከሆነ ከሰው ራቅ በሉ።

መ) ሲም ካርዱን ለውጣችሁ ቁጥራችሁ ከተለወጠ፣ ለተመዘገባችሁበት ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት አስታውቁ። ሰው የሚፈለገው በመዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በአሮጌው ቁጥር ተደውሎ ሲታጣ የባለ ጉዳዩ ተራ ሊያልፍ ይችላል።

በግልጽ ለመናገር፣ ፍላጎታችሁ መደወል ብቻ ከሆነ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ከሰዓቱ ይሻላል። ድምፁ ይጠራል፣ ባትሪውም ይቆያል። ሰዓቱ የሚመረጠው በእጃችሁ ካለ፣ ወይም ሥራችሁ በጉልበት ሆኖ ስልክ በኪስ ይዞ መዋል የማይመች ከሆነ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በሻጩ ፊት አራት ነገሮችን ፈትሹ።

1. የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፤ ሌላ ሰውም እንዲደውልላችሁ አድርጉ። የምትኖሩት በካምፕ ከሆነ በከተማው መሥራቱ ብቻውን አያረካችሁ። ከእናንተ ካምፕ መጥቶ ተመሳሳዩን ሰዓት የያዘ ሰው ካለ በዚያ መሥራቱን ጠይቁት። ሲሙ በውስጡ የተቀረጸበት ውድ ሰዓት ከሆነ ደግሞ፣ ለሰዓት የሚሆን አገልግሎት መኖሩን ከመግዛታችሁ በፊት ከጅቡቲ ቴሌኮም ጠይቁ።

2. የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍታችሁ ዘፈን አስጀምሩ። ዘፈኑ ከቆመ ሰዓቱ ማስቀመጫ የለውም፤ ሦስተኛው ዓይነት ነው።

3. የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ መነሣቱን አረጋግጡ። የአፕልና የሳምሰንግ ሰዓቶች በባለቤቱ አካውንት ሊቆለፉ ይችላሉ። ቁልፉ የሚነሣው በባለቤቱ የምሥጢር ቃል እንጂ ሰዓቱን በማጽዳት አይደለም። «ቤት ወስደህ ትከፍተዋለህ» የሚልን ሻጭ አትመኑ፤ ዕቃው የተሰረቀም ሊሆን ይችላል።

4. ቻርጀሩን ጠይቁ። የብዙዎቹ ሰዓቶች ቻርጀር በማግኔት የሚጣበቅ ሲሆን የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ቻርጀሩ የጠፋ ሰዓት ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

ሙቀትና ባትሪ

እንደሚታወቀው በጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የስልክና የሰዓት ባትሪዎች የሚሠሩት ከሊቲየም ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ያረጃል፤ ሊያብጥም ይችላል። በቀትር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቻርጅ የምታደርጉት በሌሊት ወይም በማለዳ ይሁን። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ሰዓቱን ከእጅ አውልቁ። ጀርባው ያበጠ ወይም መስታወቱ ከፍ ያለ ሰዓት ከሆነ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡት።

ላብ ጨው ስላለው በሰዓቱ ጀርባ ያሉትን የቻርጅ ነጥቦች ያዝጋል። ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ሲሠራ ውኃ አያስገባም የተባለ ሰዓትም ሲያረጅ መከላከያው ስለሚደክም ይዛችሁት ባሕር አትግቡ።

በአንጻሩ ሰዓቱ ያለው ትልቅ ጥቅም የሚፈጀው ኃይል አነስተኛ መሆኑ ነው። የ«ዲ ዜድ 09» ባትሪ 380 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን፣ የብዙ ስማርት ስልኮች ባትሪ ግን 5,000 ያህል ነው። ስልኩን አንድ ጊዜ የሚሞላው ኃይል ሰዓቱን 13 ጊዜ ያህል ይሞላል። ቻርጅ የሚያደርጉት በክፍያ ወይም በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ለሆነ ወገኖች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመስታወቱን ብርሃን መቀነስና በማይፈለግበት ጊዜ ብሉቱዙን ማጥፋትም ባትሪውን ያቆየዋል።

ስንት ሰዓት ነው?

በመጨረሻም ትንሽ የሚመስል፣ ግን ቀጠሮ የሚያሳልፍ ነገር እናንሣ። ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በአቆጣጠራችን ነው። በቀጠሮ ወረቀት ላይ 9:00 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር ሞልታችሁ ደወሉን ግን ከወረቀቱ ላይ እንዳለ ብታስገቡ፣ ደወሉ የሚያሰማው ጉዳዩ ካለፈ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልታችሁ 6 ሰዓት በቃላችሁ መቀነስ ይሻላል።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ ከዘረዘርነው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ድምፅም ቁጥርም በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ አይቀመጥ። ዛሬ ማታ የአምስት የቅርብ ዘመዶቻችሁን ቁጥር ከነ+251ዱ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ወረቀቱንም ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት። ስልክ ይሰበራል፣ ሰዓትም ይቆማል። ወረቀቱ ግን ባትሪ አይፈልግም።

ሰላም ሁኑ።