ውርጭ የፈታውን አፈር ማን ይይዘዋል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጸጥ ባለበት ምሽት የወሎ ደገኛ ገበሬ ለሰብሉ ይሰጋል። በማግሥቱ ማሳው አመዳይ ለብሶ ካገኘው «ውርጭ መታው» ብሎ ያዝናል። ውርጭ በሰብል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰብሉ ሥር ባለው አፈር ላይ ስለሚሠራው ሥራ ግን እምብዛም አንነጋገርም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ከሐይቅ አካባቢ ተነሥተን እንመለከታለን።

ብርዱ የት ይደርሳል?

የሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በየ100 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከሐይቅ በ1,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ ያለውን የደላንታ አምባ ለውርጭ የሚያጋልጠውም ይኸው ከፍታው ነው። በቀዝቃዛ አገሮች አፈር ለወራት በረዶ ሆኖ ይቆያል። በእኛ ደጋ ግን ሌሊት የረጋው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፤ የሚረጋውም የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን

ጤናማ አፈር ዱቄት አይደለም። የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ቅንጣቶች በብስባሽ ተጣብቀው ትናንሽ እንክብሎችን ይሠራሉ። በእንክብሎቹ መካከል ያሉት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ውሃ ያሳልፋሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ደግሞ ለተክል የሚሆን ውሃ ያቆያሉ።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። አፈርን የሚፈነቅለው ግን ይህ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ስቲቨን ቴበር በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በውሃ ፈንታ ቤንዚን የተባለውን፣ ሲረጋ የሚኮማተረውን የኬሚካል ፈሳሽ ተጠቅሞ አፈሩ እንዲያም ሆኖ ወደ ላይ እንደሚነሣ አሳየ። ምክንያቱም የሚረጋው ክፍል ገና ያልረጋውን ፈሳሽ ከሥር ወደ ራሱ ይስባል፤ በረዶውም ንጣፍ በንጣፍ እያደገ አፈሩን ይገፋል።

ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ደረቅ አፈር በውርጭ ብዙም አይለወጥም። እርጥብ ጓል ግን ይሰነጠቃል፤ ጠጥሮ የነበረው ይላላል፤ ውሃም በቀላሉ ይሰርጋል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መርጋቱና መቅለጡ ሲደጋገም ብስባሽ ያነሳቸው እንክብሎች ይፈርሳሉ። የተለያዩት ደቃቅ ቅንጣቶች ቀዳዳዎቹን ሲደፍኑ አፈሩ ውሃ መቀበሉን ይቀንሳል።

በዋልካ መሬት

የውርጩ ወራት በአብዛኛው ደረቅ መሆናቸው ጉዳቱን ያቀልልናል። ውርጭ በማይበረታባቸው ሜዳማ ቦታዎች ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የዋልካ አፈር ጠባይ ነው። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን የሚገመተው ይህ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጓሉን የሚሰባብረው በረዶ ሳይሆን መርጠብና መድረቁ ነው።

ሙከራ ለአንባቢያን

ከአንድ ማሳ ሁለት ተመሳሳይ ጓሎች ወስደን በደንብ እናድርቃቸው። አንዱን በጥቂት ውሃ አርሰን፣ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልለን በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል እናሳድራቸው። ጠዋት አውጥተን እናቅልጣቸው። ይህንኑ ለጥቂት ቀናት ደጋግመን በጓሎቹ ላይ የሚታየውን ስንጥቅና መላላት እናነጻጽር። ብስባሽ ከበዛበት የጓሮ አፈር ወስደን ብንደግመው ልዩነቱን ይበልጥ እንረዳለን።

የቀረው ጥያቄ

ዋናው አደጋ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ነው። ውርጭም ሆነ ድርቀት ያላላው ተዳፋት መሬት ሽፋን ካለው ዝናቡን ይጠጣል፤ ራቁቱን ከሆነ ይታጠባል። የሰብል ቅሪትን ማሳ ላይ መተው የሌሊቱን ቅዝቃዜም የዝናቡን ምትም ያበርዳል፤ ፍግ ደግሞ እንክብሎቹን ያጣብቃል። ነገር ግን ገለባው ለከብት መኖ፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ለማገዶ ይፈለጋል። ገበሬውን «አትጠቀምበት» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሌላ መኖና ሌላ ማገዶ ማቅረብ ይጠይቃል።

የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዙሪያው ተዳፋት ታጥቦ የገባበት አፈር እዚያው ይቀራል። ውርጩን ማስቆም አንችልም፤ የላላውን አፈር ማሳው ላይ ማቆየት ግን በእጃችን ያለ ሥራ ነው።