ለገና ማዕድ የጤፍ ብስኩት

ካቻምና በገና ማዕድ የስኳር ሕመም ያለባቸው አክስታችን የብስኩቱን ሳሕን በዝምታ ወደ ልጆቹ ሲገፉት አየን። ስለዚህም አምና ነጩን ዱቄትና ስኳሩን በጤፍና በቴምር ለወጥን።

የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነሽፋኑ ይፈጫል፤ ይሁን እንጂ ሊጡ እንደ ስንዴ ስለማይያያዝ ብስኩቱ ይፈረፈራል። ለ2 ብርጭቆ ዱቄት ፍሬው ወጥቶ በሙቅ ውኃ ርሶ የደቀቀ 1 ብርጭቆ ቴምር፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 1 እንቁላልና ቁንጥር ጨው ጨምረን ለወስን፤ ጠፍጥፈንም በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ጋገርን። እንቁላል ስላለበት በጾሙ የመጨረሻ ቀን የምትጋግር እመቤት ቀምሳ ማረም አትችልምና ልኩን አስቀድማ ትጠንቀቅ!

ቴምርም ራሱ ስኳር አለው፤ አክስታችን በሐኪማቸው ፈቃድ 2 ብቻ በሉ። ልጆቹ «ጠቆረ» ብለው ጥቂት አጉረመረሙ፤ ሳሕኑ ግን ባዶውን ተመለሰ።