ለምለሙ ምድር ከሳተላይት ሲታይ፦ የሀዲያና የከምባታ አደጋዎች

በ2000 ዓ.ም የበልጉ ዝናብ ሲቀር ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ወላይታ ያለው ምድር ለምለም እንደሆነ ነበር። እንሰቱ በየጓሮው ቆሟል፤ በቆሎው ግን አልደረሰም፣ ሕፃናትም በምግብ እጥረት ተጎዱ። ባለሙያዎች «አረንጓዴ ረሃብ» የሚሉት ይህን ነው። በዚህ አካባቢ አደጋን በርቀት ዳሰሳ ለመከታተል የሚነሳ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ድርቅን ከሰማይ ለመከታተል በብዛት የሚያገለግለው የዕፅዋት ልምላሜ መለኪያ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ተሰልቶ ካርታ ይሆናል። ቦረና ላይ ሣሩ ሲደርቅ ካርታው ይናገራል። እንሰት ግን ለዓመታት የሚቆይና ድርቅ የሚችል ተክል ስለሆነ ባዶውን ጎተራ ይሸፍናል። ለዚህም የዝናብ ግምት ይታከልበታል፤ «ቸርፕስ» የተባለው መረጃ ከ1973 ዓ.ም ወዲህ ያለውን ዝናብ የደመናን ሙቀትና የጣቢያ ልኬትን አዋህዶ ያሰላል። አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ግን ሀምበሪቾ ተራራ ላይ ደጋውንና ወይና ደጋውን ይደባልቃል። ረሃቡ ራሱ የሚታየው በጤና ኬላው፣ የሕፃናት ክንድ ዙሪያ ሲለካ ነው።

ጎርፍ የሚመጣው ደግሞ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ነው። ሀዲያ ውስጥ ሻሾጎ ላይ የቦዮ ረግረግ ሲሰፋ በብርሃን የሚያነሱት ላንድሳትና ሴንቲኔል-2 የሚያዩት ደመናውን ነው፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ያመጠቀቻት ሳተላይትም በብርሃን የምታነሳ ነበረች። በ2006 የመጠቀው የሴንቲኔል-1 ራዳር ግን ደመናውን ያልፋል። የረጋ ውኃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ውኃው ውስጥ ረጅም ሣር ከቆመ ግን ምስሉ በተቃራኒው ይነጣል፤ ቦታውን የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያም ሆኖ ለዚህ አገር አንድ መሣሪያ ምረጥ ብባል ራዳርን እመርጣለሁ።

የመሬት መንሸራተት ከሁሉም ይከብዳል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ1992 ዓ.ም ከጠፈር መንኩራኩር የተለካው የከፍታ ካርታ ገደላማውን ቦታ ያሳያል፤ ቀኑን አይናገርም። ራዳር የመሬትን ፈቀቅታ በሴንቲሜትር ይለካል፤ የሴንቲኔል-1 አጭር ሞገድ ግን በቅጠል ይረበሻል። ናሳና ሕንድ በሐምሌ 2017 ያመጠቁት ኒሳር 24 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ስላለው ቅጠሉን ይዘልቃል። በየ12 ቀኑ ስለሚመለስም ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስን ቁልቁለት ይይዛል፤ በአንድ ሌሊት የሚናደውን ግን አይደርስበትም።