ጠባሳና ጥልፍ



በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ይገኛል። በዚያ አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እናቶች ለብዙ ዓመታት ጥልፍ እየጠለፉ ኑሯቸውን ሲደጉሙ ኖረዋል። ጥልፍ ግን የእንጀራ ማግኛ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቁስልና ስለ ፈውስ መናገሪያም ይሆናል።

አስቀድመን ጠባሳው ከየት እንደሚመጣ እንረዳ። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ እርግማን አይደለም፣ በዘርም አይወረስም። ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ጣምራ መድኃኒት ይድናል። የሞተ ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በህንድ አገር በቬሎር ያገለገለው ክርስቲያን ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳስረዳው፣ ጣት የሚጎዳው ሥጋው በራሱ በስብሶ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማው ነው። እሳት ሲያቃጥለው፣ ስለት ሲቆርጠው አያውቅም። በሽታው ከዳነ በኋላ ጠባሳው ይቀራል። ጎረቤት ግን ጠባሳውን አይቶ ይሸሻል፤ እናትየዋም እጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ጥልፍ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። እናትየዋ የእጇን ቅርጽ በጨርቅ ላይ ትነድፋለች፤ በጠባሳው ቦታ ራሷ በመረጠችው ቀለም ትጠልፍበታለች። ዓይን ሁሉ በመርፌው ላይ ስለሆነ ማንም ማንንም ትኩር ብሎ አያይም። በአፍ ለመናገር የከበደው ነገር በሥራው መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል። ሳይወጣ ቢቀርም ሸፍና የኖረችውን እጅ በገዛ ፈቃዷ ተመልክታዋለች።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የደነዘዘ እጅ መርፌ ሲወጋው አይሰማውም። ስለዚህ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌና ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ስጡ። በሥራው መካከልና በመጨረሻው እጆች በዓይን ይመርመሩ፤ ቁስል ከተገኘ ወደ ሐኪም ይላክ። ጥልፍ ሕክምናን አይተካም። ታሪኳን እንድትናገር አታስገድዱ፤ ሥራዋንም ያለ ፈቃዷ አትሽጡ፣ ለእንግዳም አታሳዩ።

ምእመናን ሆይ፣ ጌታችን ከሞት ከተነሣ በኋላ የተወጉ እጆቹን ለቶማስ አሳይቶታል። የትንሣኤው ክብር ምልክቱን አላጠፋውም። እንግዲህ እህታችን እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ሰላም ስትለን፣ የእኛ እጅ ወደኋላ አይበል። ከምንልከው ገንዘብ ጋር ይህንንም እንስጥ።