ካርቦን፦ ከእንሰት ጓሮ እስከ ብሎክቼይን መዝገብ

በሀዲያና በከምባታ፣ በሌሞ፣ በአንጋጫ ወይም በዶዮገና ከአንድ ገበሬ ጓሮ ገብቶ ከእንሰቱ ሥር አፈር የዘገነ፣ ቀጥሎም ራቅ ካለው የስንዴ ማሳ የዘገነ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻውም። የጓሮው አፈር ጥቁርና ልም ነው፤ እፍኝ ውስጥ ሲጨብጡት ይያያዛል፣ ሲለቁት ይፍረከረካል። የሩቁ ማሳ አፈር ፈዛዛ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይጋገራል፣ ጎርፍ ሲመጣ ይሄዳል። ልዩነቱን ያመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከከብቶች ጋጣ ማለዳ ማለዳ የሚወጣው ፍግ፣ የቤት ጥራጊውና አመዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የፈሰሰው እንሰቱ ሥር ነው። ለአፈሩ ጥቁረቱን የሚሰጠው በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ተክሉ ከአየር ስቦ በቅጠልና በሥር ያከማቸው፣ ከብቱ በልቶ በፍግ የመለሰው ካርቦን።

ይህን ካርቦን ለገበያ ማቅረብ ይቻላል የሚሉ ኩባንያዎች በዓለም ላይ በርክተዋል። አንድ ካርቦን ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር መወገዱን፣ ወይም ወደ አየር ሳይለቀቅ መቅረቱን የሚመሰክር ሰነድ ነው። የሚገዛው ብዙ ጭስ የሚያወጣ ድርጅት ነው፤ የሚሸጠው ደን ያለማ ወይም አፈሩን ያደሰ ሰው ነው። አፈርን የሚያድሰው እርሻ ደግሞ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም፦ ማሳን ደጋግሞ አለማረስ፣ ገለባውን ሁሉ ጠርጎ አለመውሰድ፣ ባቄላና አተርን ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ በማሳ ውስጥ ዛፍ ማቆየት። በዶዮገና ተዳፋት ላይ እርከኑ የሚጸናው በደሾ ሣር ነው። ከጋሞ ጨንቻ የተስፋፋው ይህ ሣር በሥሩ አፈር ይይዛል፣ በቅጠሉ ከብት ይመግባል። አካባቢው ለአየር ንብረት የሚስማማ ግብርና የሚጠናበት በመሆኑ ተመራማሪዎች የማሳዎቹን የአፈር ካርቦን ለክተዋል።

የካርቦን ሽያጭ በአገራችን እውነት ሆኖ የታየው ከሆሳዕና በስተ ደቡብ፣ በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ነው። የሁምቦ ተራራ ደኑ ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር፤ ከመሬት በታች ያለው ጉቶና ሥር ግን አልሞተም። ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር የሠራው ሥራ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። ከብት እንዳይገባ ከልክለው፣ ከጉቶው ካቆጠቆጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጠው፣ ሌሎቹን ገረዟቸው። ዘዴውን በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብሏል። 2,728 ሄክታር የሚሸፍነው የሁምቦ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ሥር ተመዘገበ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተገመተ፤ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ግምቱን በዓመትና በሄክታር ብናካፍለው ወደ 11 ቶን ይጠጋል። ደኑን የጠበቁትና ገንዘቡን የተቀበሉት የነዋሪው 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ለእኔ የሁምቦ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ገንዘቡ ሲመጣ ስም ያለው፣ አባላቱን የሚያውቅ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለው ተቀባይ ጠበቀው።

ደን ከሩቅ ይታያል፣ ግንዱም በሜትር ይለካል። የአፈር ካርቦን ግን ተደብቋል። ለመለካት ማሳው ላይ በብዙ ቦታ በመሰርሰሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ናሙና ማውጣት፣ ናሙናውን አድርቆ ወንፍቶ ላቦራቶሪ ማስገባት፣ የአፈሩን እፍጋትም መመዘን ያስፈልጋል። ስሌቱን እንከተለው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን፣ የአንድ ሄክታር የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር 3,600 ቶን ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ከ2 በመቶ ወደ 2.1 በመቶ ቢያድግ ጭማሪው 3.6 ቶን ካርቦን፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀየር 13.2 ቶን ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ይህን ለውጥ በ5 ዓመት ቢያመጣ በዓመት የሚደርሰው 1.3 ቶን ገደማ ነው፤ ቶኑ 10 ዶላር ይሸጥ ብንል እንኳ የለካው፣ ያረጋገጠውና ያሻሻጠው ድርሻቸውን ሳይወስዱ 13 ዶላር። ከ2 ወደ 2.1 በመቶ ያለችው ጭማሪ ደግሞ በናሙና አወሳሰድ ስህተት ብቻ ልትመጣም ልትጠፋም የምትችል ናት።

ከተለካ በኋላ ደግሞ ክሬዲቱን ማን እንደሸጠውና ማን እንደገዛው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ብሎክቼይን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእቁብ ደብተር በጸሐፊው እጅ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አባል ቤት ቅጂው ቢቀመጥ፣ አዲስ መስመር የሚጻፈውም አብዛኞቹ ሲስማሙ ብቻ ቢሆን፣ ጸሐፊው ብቻውን ሊሰርዝ ሊደልዝ አይችልም። ብሎክቼይን ብዙ ኮምፒውተሮች የሚይዙት እንዲህ ያለ ደብተር ነው። መዝገቡ በብሎክ በብሎክ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ብሎክ ሃሽ የሚባል የቀዳሚውን አሻራ ስለሚሸከም አንድ አሮጌ መስመር ቢነካ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፋለሳል። አንድ ክሬዲት በቶከን (በዲጂታል ምልክት) መልክ እዚያ ሲመዘገብ ማን እንደሸጠው፣ ማን እንደገዛው፣ መቼ ከገበያ እንደወጣ ለማንም ይታያል። አንዱን ቶን ለሁለት ገዢ መሸጥ ይከብዳል። ኤሌክትሪክ ይፈጃል የሚለው ወቀሳም በሁሉም ላይ አይሠራም፤ ኢቴሬም የተባለው ብሎክቼይን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ደብተሩ ግን የተጻፈበትን ይጠብቃል እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይመረምርም። ሪጄን ኔትወርክ የተባለው የብሎክቼይን ድርጅት ከአውስትራሊያ የከብት እርባታ ማሳ የተገኘ ከ40,000 ቶን በላይ የአፈር ካርቦን ክሬዲት ለማይክሮሶፍት አሻሽጧል፤ በኋላ የአፈር ሳይንቲስቶች መጠኑ ተጋኗል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የተነሳው ስለ ልኬቱ እንጂ ስለ መዝገቡ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቱካን የተባለው መድረክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ክሬዲቶችን ወደ ብሎክቼይን አሻገረ፤ ብዙዎቹ ገዢ አጥተው ለዓመታት የተቀመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ክሬዲቶቹን ያወጣው ቬራ የተባለው ድርጅት ከመዝገብ የተሰረዘ ክሬዲት ወደ ቶከን እንዳይቀየር ከለከለ።

ወደ ሀዲያና ከምባታ ስንመለስ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፍትሕ ጉዳይ ነው። የካርቦን ገበያ የሚከፍለው ለአዲስ ለውጥ ነው። ማሳውን ያራቆተ ሰው አሻሽሎ ሊሸጥ ይችላል፤ እንሰት ጓሮዋን በፍግ ስትመግብ የኖረችው እናት ግን አፈሯ ቀድሞ ስለጠቆረ የምትሸጠው ጭማሪ የላትም። ይህ ደንብ ለስሌቱ ያስፈልግ ይሆናል፣ ለእሷ ግን በደል ነው። በአካባቢው ፕሮጀክት የሚያቅድ ሁሉ ከገቢው የተወሰነውን ነባሩን አፈር ለጠበቁት፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ መመደብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ክፍያው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ (በብሎክቼይን ላይ ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ መዝገቡ በብሎክቼይን ቢሆን እንኳ ገበሬው እጅ የሚገባው ብር፣ በማኅበሩ የባንክ ሂሳብ በኩል መሆን ይኖርበታል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን አውቋል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን የማን እንደሆነ ግን በእያንዳንዱ ውል ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የሆሳዕና፣ የዱራሜና የዙሪያቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሆይ፣ የካርቦን ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያንኳኳ ስለ ቴክኖሎጂው ከመስማታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አፈሩን የሚለካው ማን ነው፣ በየስንት ዓመቱ? ከአንዱ ቶን ዋጋ ለገበሬው ስንት ይደርሳል? ድርቅ ወይም የእንሰት አጠውልግ በሽታ ቢመጣ ኪሳራው የማን ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ያስራል፣ አባሉስ ማሳውን ለልጁ ሲያወርስ ምን ይሆናል? መልሱን አባላቱ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በጽሑፍና በፊርማ ተቀበሉ።