ከአስፋልቱ ማዶ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚያቀናው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያ ውጫሌን አልፎ ወደ መርሳ ይወርዳል። የኔትወርኩም ጥንካሬ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። የሐይቅ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በቴሌብር ይከፍላል፤ ደሴ ካለው አከፋፋይ ጋር በቴሌግራም የዕቃ ፎቶ ይለዋወጣል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አምባሰል ጋራዎች ለሚዘልቅ ሰው ግን ስልኩ ደረጃ በደረጃ ይከዳዋል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ቀጥሎ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ገደሉ ውስጥ ሲገባ ያ ውድ ዕቃ ሰዓት ማያና የእጅ ባትሪ ሆኖ ይቀራል።

ገጠሬው ችግሩን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ጉዳዩን ይዞ ከተማ ሲወርድ ደግሞ ከመስኮቱ ጀርባ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ከጋራው ወርዶ ገንዘብ ሳያወጣ የተመለሰ አርሶ አደር ያባከነው ቀን፣ ለመጓጓዣ የከፈለው ብር፣ ያመለጠው የገበያ ቀን በቴሌኮም የዓመት ሪፖርት ላይ አይታይም።

ለኔትወርኩ መድከም አንደኛው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የሞባይል ሞገድ ቀጥ ብሎ መጓዝ ይወዳል፤ ጋራ ሲያጋጥመው ይደክማል፣ ገደል ውስጥ ያለ መንደር ደግሞ ከናካቴው ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ለድምፅ ጥሪ የሚያገለግለው ቱጂ በሜዳ ላይ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው የስሪጂና የፎርጂ ሞገድ ግን ርቀቱ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት መስመር እየታየ ኢንተርኔቱ አንዲት ፎቶ አላወርድ የሚለው ለዚህ ነው። ሰዉ የዚህን መላ ከሞላ ጎደል ደርሶበታል። የትኛው ጉብታ ላይ ድምፅ እንደሚሰማ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ኢንተርኔት እንደሚገባ በየሰፈሩ ይታወቃል፤ አመሻሽ ላይም ወጣቶች ወደዚያው ይወጣሉ።

ጋራው ግን ሁሉንም አይገልጽም። ተራራማ የሆኑ፣ ሆኖም መንደር ለመንደር ኢንተርኔት ያዳረሱ አገሮች አሉ። ልዩነቱ ያለው የኔትወርክ ማማው ላይ በሚወጣው ገንዘብ ነው። ጋራ ላይ የሚቆም ማማ መንገድ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ጄነሬተርና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ከዋናው የፋይበር መስመር ጋር የሚያገናኘው ሌላ መስመር ይፈልጋል። በዚያ ማማ ሥር ያለው ደንበኛ ደግሞ የ5 እና የ10 ብር ካርድ የሚሞላ ገበሬ ነው። ሒሳቡን ብቻ የሚያይ ድርጅት አንድ ብቻውን ቢሆንም፣ ተፎካካሪ ቢኖረውም፣ እዚያ ጋራ ላይ አይወጣም። የገጠሩ የስልክ ጉዳይ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ፣ ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሆኖ ተቋቋመ፣ በደርግ ጊዜ ባለሥልጣን ተባለ፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ በፍራንስ ቴሌኮም አስተዳደር ሥር ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደገና ተዋቀረ። ያልተለወጠው ነገር ባለቤቱ መንግሥት፣ ሻጩም አንድ መሆኑ ነበር። ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ሲጀመሩ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ጀመሩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው፤ ደንበኛው ሄዶ የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም።

ለዚህ ብቸኛ ሻጭ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። በአትራፊው ከተማ የሰበሰበውን ገንዘብ ለማያተርፈው ገጠር ያወጣበት ጊዜ አለ። በሲዲኤምኤ የገጠር ስልኮች ወደ ቀበሌዎች ወርዷል። ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በጠቅላላው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ገብቶ አገር አቀፍ ማስፋፊያ አካሂዷል። ዛሬ በአምባሰል አንድ ጉብታ ላይ የድምፅ ጥሪ የሚሠራ ከሆነ የእነዚያ ዓመታት ሥራ ውጤት ነው።

ነገር ግን በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። ያኔ በአገሪቱ ሌላ ኦፕሬተር አልነበረም፤ የውጭ ኩባንያ ፈቃድ ያገኘው ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ታሪፉ እንዲያ ሊወርድ የሚችል ከነበረ፣ ባለ 10 ብር ካርዱ ገበሬ ለዓመታት ከሚገባው በላይ ሲከፍል ኖሯል ማለት ነው። ይህ የሞኖፖሊን ዋጋ ከየትኛውም ክርክር በላይ ያሳያል።

ሐይቅና አምባሰል ባሉበት በደቡብ ወሎ የኔትወርክ መኖር አለመኖር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ቤይሩት የተጓዘ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየመንደሩ የነበረው ጭንቀት አይረሳም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ የምትደውለው ብዙውን ጊዜ በኢሞ ነው፤ ደካማ ኢንተርኔት ላይም ስለሚሠራ ወሎ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። እናት ጋራ ላይ ካልወጣች ግን ኢሞም አይደርስም። ልጅቱ አሠሪዋ በተኛችበት ሰዓት ስልክ ይዛ ትጠብቃለች፤ እዚህ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጨለማ ነው፣ ጉብታውም ሩቅ ነው። የተላከው ገንዘብ መድረሱን፣ የታመመው አባት መሻሉን የምትሰማው እየተቆራረጠ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ፣ ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ መስመር ላይ ነበር። በተያዙት አካባቢዎች ስልክ ተቋረጠ። ኅዳር ማብቂያ ላይ የፌዴራል መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ ውጭ ያለው ዘመድ ማን እንደተረፈ፣ ማን እንደሸሸ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥሪ በብዙ ቤት የመርዶ ጥሪ ሆነ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። መዘጋቱ የሳምንት ጉዳይ አልነበረም፤ ለብዙ ወራት ዘለቀ። የከተማው ሰው በቢሮና በሆቴል ዋይፋይ መላ ሲፈልግ፣ ፋይበር ያልደረሰበት ቀበሌ ምንም አልነበረውም። ይህ የሆነው በአገሪቱ ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ በኋላ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ማጥፊያው በመንግሥት እጅ እስካለ ድረስ የኩባንያዎች ቁጥር መጨመር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ኦፕሬተር ሲመጣ ተስፋው ትልቅ ነበር። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን አሸነፈ፤ 600 ሚሊዮን ያቀረበው ኤምቲኤን ተሸነፈ። ሥራውን በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ ጀምሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ አስመረቀ። የስልክ ቁጥር ከ09 ሌላ በ07 ይጀምር ገባ። ከተሞች ጥቅሙን ወዲያው አዩ። አንድ ሰው ሁለት ሲም ይዞ የተሻለውን መምረጥ ጀመረ፣ ጥቅል የሚሸጥለት በዛ። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አስመዘገበ፤ ደንበኞቹም 78 ሚሊዮን ደረሱ። ጋራው ላይ ላለው ቀበሌ ግን ፉክክር የሚመጣው የመጀመሪያው ማማ ከቆመ በኋላ ነው። አንድም ባልቆመበት ቦታ «ምርጫ አለህ» ማለት ትርጉም የለውም።

በዚህ መሀል መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ስልክ እያዞረ ነው፤ ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ሆኗል። ፓስፖርት የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው። ባንክ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በአምባሰል ገደል ውስጥ ካለ መንደር ወርዶ በሕይወቱ ኢንተርኔት የነካው ጥቂት ጊዜ የሆነ ልጅ፣ ደሴ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ ካለው ልጅ ጋር በአንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የእናቶችንና የሕፃናትን መረጃ በታብሌት መመዝገብ ከጀመረች በኋላ፣ መረጃውን ለመላክ ኔትወርክ ወዳለበት መውጣት ይኖርባታል።

ቀላል ስልክ ብቻ በቂ የሆነባቸው ጥሩ ሥራዎችም አሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የእርሻ የምክር መስመር አንዱ ነው። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ በአማርኛ ይሰማል፤ ማንበብም ኢንተርኔትም አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ነገር አንድ የድምፅ ማማ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ቀዳዳ የደፈኑት ገበያውን እየጠበቁ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1949 የገጠር ኤሌክትሪክ ሕጓን አሻሽላ ለገጠር የስልክ ማኅበራት ብድር መስጠት ጀመረች፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልደረሱባቸው ገበሬዎች የራሳቸውን የስልክ ማኅበር አቋቋሙ። በሰሜን እንግሊዝ ላንክሻየር ደግሞ ኩባንያ የናቃቸው ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየእርሻቸው ቦይ እየቆፈሩ ፋይበር ቀበሩ። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰው ቅሬውንና ደቦውን ያስባል፤ ጉልበቱም ልማዱም አለ። ነገር ግን ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በሕግ ስለሚያስጠይቅ መንደሩ አካፋ ይዞ ቢነሳም መንገዱ ዝግ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኬንያ ልምድ ነው። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከኦፕሬተሮች የዓመት ገቢ 0.5 በመቶ ለሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ ይሰበስባል፤ ምንም ሲግናል የሌላቸውን አካባቢዎች በስም አስጠንቶ፣ ማማ ለሚተክልላቸው ኩባንያ ከፈንዱ ይከፍላል። ሳፋሪኮም እዚያ አገሩ ከዚህ ሥራ ድርሻ ወስዷል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ለፈቃድ ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግ ከኃላፊነቶቹ አንዱ ነው። ከእሱ የሚጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ ያን ያህል ውድ አይደለም። የየቀበሌውን ሁኔታ የሚያሳይ ካርታ፣ ማለትም የትኛው ቀበሌ ድምፅ ብቻ እንዳለው፣ የትኛው ኢንተርኔት እንዳለው፣ የትኛው ሁለቱም እንደሌለው በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ለሕዝብ ማውጣት። በመቶኛ የሚነገር የሕዝብ ሽፋን የአምባሰልን ገደሎች ይሸፍናል፤ አያሳይም።

የአምባሰልና የተሁለደሬ ወረዳዎች እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ለማዘጋጀት ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጠበቅ የለባቸውም። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሪፖርታቸውን ከየትኛው ጉብታ ላይ እንደሚልኩ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዝርዝሩ ተጠናቅሮ በወረዳው ምክር ቤት በኩል ለዞኑና ለባለሥልጣኑ ይላክ። መልሱም በየቀበሌው ስም ትይዩ ማማው የሚቆምበትን ዓመት፣ የሚተክለውን ኦፕሬተርና ወጪውን የሚሸፍነውን አካል የያዘ ይሁን።